መዝገብንም መጠየቅ ሥርዓት አለው፤ በብቸናና በሞጣ አገር የመሬት መዝገብ አጠያየቅ ላይ የቀረበ ሒስ

፩

ስለ መዝገብ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አጻጻፉ ነው። ማን እንደጻፈው፥ በምን ወረቀት ወይም በምን መሣሪያ እንደተጻፈ፥ ስንት ሰው ስንት ማሳ እንዳስመዘገበ ይነገራል። መዝገቡ ከተጻፈ በኋላ ግን ማን እንደሚጠይቀው፥ በምን ቃል እንደሚጠይቀው፥ መልሱንስ በምን ቃል እንደሚቀበለው የሚመረምር ጥቂት ነው። ይህ ጕድለት በኮምፒዩተር ዘመን ባሰ እንጂ አልተቃለለም። የወረቀት መዝገብ ፊደል ለቈጠረና ገጹን ለሚያገላብጥ ሰው ቢያንስ ዓይኑን አይከለክለውም፤ በመረጃ ቋት ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ግን በተዘጋጀለት የመጠየቂያ ገጽ በኩል ካልሆነ በቀር አይታይም። የመጠየቂያው ገጽ በር ነው፤ በሩ ከጠበበ የቤቱ ስፋት ለመጣው ሰው ምንም አይጠቅመውም።

ይህ ሒስ የሚመለከተው በምሥራቅ ጎጃም፥ በብቸናና በሞጣ አገር፥ የገጠር መሬት መዝገብ የሚጠየቅበትን መንገድ ነው። ብቸና የእነማይ፥ ሞጣም የሁለት እጅ እነሴ መቀመጫ ሆነው የኖሩ ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ባላገር ጤፍና ስንዴ፥ ገብስና ባቄላ አምርቶ የሚኖር ስለሆነ፥ በዚያ አገር ስለ መሬት የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ስለ እንጀራ የሚነሣ ጥያቄ ነው። አገሩም በድርሻ ቋንቋ የሚናገር አገር ነው። «ሁለት እጅ እነሴ» እና «ጎንቻ ሲሶ እነሴ» የሚባሉትን ሁለቱን የወረዳ ስሞች ብቻ ያስተዋለ ሰው፥ አንዱ የሁለት እጅ፥ ሌላው የሲሶ ስም ይዘው እነሴን እንደ ማዕድ ቈርሰው የተካፈሉት መሆናቸውን ከስሞቹ ያነባል። እንዲህ ባለ አገር መዝገብን የሚጠይቅ ገጽ የሚሠራ ሰው፥ አስቀድሞ ሕዝቡ ስለ መሬት እንዴት ሲጠያየቅ እንደኖረ ማወቅ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ «ባለሙያ ያልሆነ ጠያቂ» ማለት ማሳውን የሚያርሰው ባለይዞታ፥ ባሏ የሞተባት ሴት፥ ከከተማ የተመለሰ ወራሽ፥ የቀበሌ ኮሚቴ አባልና በችሎት ላይ የተቀመጠ ዳኛ ነው። እነዚህ ሁሉ ስለ መሬቱ ብዙ ያውቃሉ፤ የማያውቁት የመሣሪያውን ቋንቋ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ መጠየቂያ ገጽ ቀላልነት የሚመዘነው በገጹ ላይ ባሉት ሣጥኖች ማነስ ሳይሆን፥ ሰዎቹ ነገሩን በሚያውቁበት መንገድ እንዲጠይቁት በመፍቀዱ ነው። ቀጥሎ ያለው ሐተታ በዚህ ሚዛን የሚመዝን ነው።

፪

በጎጃም ስለ ነበረው የርስት ሥርዓት ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የሚጠቀሰው፥ አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ አላን ሆበን በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1973 በቺካጎ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ደጋ ዳሞት ከብቸናና ከሞጣ በስተ ምዕራብ ያለ አገር ሲሆን፥ ልማዱ በዝርዝሩ ቢለያይም የርስቱ መሠረት ተመሳሳይ ነበር። ሆበን እንዳስረዳው፥ ርስት ማለት በአንድ የተወሰነ ማሳ ላይ ያለ መብት አልነበረም፤ መሬቱን አቅንቶ ከያዘው ከዋናው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ሁሉ፥ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቢቈጥር፥ ከዚያ አባት መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። አንድ ሰው ከብዙ አያቶች የሚወለድ እንደመሆኑም በብዙ ስፍራ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ለያዝነው ጕዳይ እጅግ አስፈላጊ ነው። የጎጃም ባላገር መሬትን የሚያውቀው በሦስት ጥያቄዎች ነበር ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በማን በኩል ትቈጥራለህ?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ከማን ጋር ትዋሰናለህ?» የሚል ነው። ሰው፥ የትውልድ መንገድና ጎረቤት፥ እነዚህ ሦስቱ ቍልፎች ነበሩ። ቍጥር የሚባል ቍልፍ አልነበረም፤ ማሳው በስፋት ከተነገረም የሚነገረው በጥማድ፥ ማለትም አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን በሚያርሰው ልክ ነበር።

ነገር ግን ይህን የቃል መዝገብ ያለ ልክ ማመስገን ከእውነት ያርቃል። የሆበን መጽሐፍ ራሱ እንደሚያሳየው፥ የትውልድ ቈጠራን የሚያውቁ ሽማግሎችና ክርክር የለመዱ፥ ጊዜና ገንዘብ ያላቸው፥ በሹማምንት ዘንድ የሚሰሙ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ብዙ መሬት ያገኙ ነበር። ሁሉም የመጠየቅ መብት ነበረው፤ ጠይቆ መልስ የማግኘት ኀይል ግን የሁሉም አልነበረም። ድኻው፥ ሴቲቱ፥ በልጅነቱ ከአገር የወጣው ሰው፥ መብታቸው በቃል ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይቀጠፍ ይቀር ነበር። ስለዚህ የቃሉ መዝገብ ጥሩ ቋንቋ የነበረው ሆኖ ሳለ፥ በሩን የሚጠብቁት ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ የመጠየቂያ ገጽ የሚሠራ ሰው ከዚህ ሥርዓት ቋንቋውን መውሰድ፥ በረኞቹን ግን መተው አለበት።

፫

ብቸናና ሞጣ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከመሬት መዝገብ ጋር ተያይዘው የሚነሡት በሌላ ምክንያትም ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፥ የእያንዳንዱ ገበሬ ገቢ በገማቾች ተገምቶ ግብር እንዲከፈል ተወሰነ። በጎጃም የርስት መሬት ከዚያ በፊት እንደ ደቡቡ አገር በቀላድ አልተለካም ነበር፤ ግብሩም ጥንት በተወሰነው ልክ ይከፈል ነበር። የገማቾቹን መምጣት ባላገሩ የመሬት ልኬት መቅድም፥ ልኬቱንም የርስት መነጠቅ መቅድም አድርጎ ተመለከተው። ዐመፁ በተለይ በሞጣና በብቸና አውራጃዎች በረታ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ ብዙ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጎጃም ሄደው ሕዝቡን ለማረጋጋት ሞከሩ፥ ውዝፍ ግብርም ተማረ፥ ዐዋጁም በዚያ አገር በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የታሪክ ሊቁ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ዐመፅ ከባሌና ከትግራይ ዐመፆች ጋር አነጻጽረው መርምረውታል።

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አስተያየት፥ ባላገሩ ዘመናዊ አስተዳደርን ባለማወቁ መዝገብን ፈራ የሚል ነው። ይህ ፍርድ የችኰላ ፍርድ ይመስላል። ባላገሩ ከጥንት ጀምሮ መዝገብን ያውቃል፤ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በመርጡለ ማርያም አድባራት የመሬት ነገር በብራና ኅዳግ ሲጻፍ የኖረ ነው። የፈራው ጽሕፈትን ሳይሆን፥ አንድ ወገን ብቻ የሚጠይቀውን ጽሕፈት ነው። ገማቹ «ስንት ታመርታለህ? ስንት ጥማድ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፥ ይጽፋል፥ ይዞ ይሄዳል። ገበሬው ግን «ስለ እኔ ምን ጻፍህ?» ብሎ የሚጠይቅበት በር አልነበረውም። መዝገብ ለሹሙ መልስ፥ ለባላገሩ ዝምታ በሆነ ጊዜ ጠላት መስሎ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚህ ወዲህም የሆነው ነገር ሥጋቱን አላስወገደውም። በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፥ ርስትም ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና በተደረገው የመሬት ሽግሽግ፥ «ቢሮክራት» እና «ቅሪት ፊውዳል» ተብለው በተመዘገቡት ላይ የተወሰደው እርምጃ በተለይ በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። የአንድ ሰው ስም በዝርዝር ላይ በምን ምድብ እንደ ገባ ሳያውቅ ማሳው ሊቀነስበት እንደሚችል ይህ ትውልድ በዓይኑ አይቷል። የዛሬው የመጠየቂያ ገጽ የሚቀርበው ለዚህ ትውልድና ለልጆቹ ነው።

፬

የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 46 የገጠር መሬት አስተዳደርን ከደነገገ በኋላ፥ ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ተካሄደ። ሥራው በቀበሌ በተመረጡ ኮሚቴዎች የሚከናወን፥ ወጪውም ዝቅተኛ ነበር። ባለይዞታው የተቀበለው አረንጓዴ ደብተር የባልንና የሚስትን ፎቶግራፍ የያዘ ሲሆን፥ ማሳው የሚታወቀው በአራቱም ማዕዘን በሚያዋስኑት ሰዎች፥ በመንገድ ወይም በወንዝ ስም ነበር። በዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ግምት በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ወደ 20 ሚሊዮን ያህል ማሳዎች ለ6 ሚሊዮን ያህል ቤተ ሰቦች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመዝግበዋል። ሚስት ከባሏ ጋር እኩል ስሟና መልኳ በደብተሩ ላይ መውጣቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ከዚህ የተለየ ነው። ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን ይሰመራል፤ ለያንዳንዱም ከክልል፥ ከዞን፥ ከወረዳና ከቀበሌ መለያዎች ተያይዞ በማሳው ተራ ቍጥር የሚያልቅ መለያ ቍጥር ይሰጠዋል። ይህን ሥራ በ2000ዎቹ ዓ.ም. የፊንላንድና የብሪታንያ መንግሥታት እርዳታ አግዟል፤ መረጃውንም ለመያዝ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት የተባለው የመረጃ ቋት ተዘጋጅቶ በወረዳዎች እንዲሠራበት ተደርጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ዐዋጅ ቍጥር 1324 ደግሞ የ1997ቱን ዐዋጅ ቍጥር 456 ተክቷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ተቃርኖ አለ። ሁለተኛው ምዝገባ ሲካሄድ፥ ሠራተኞቹ በማሳው ዳር ቆመው የሚጠይቁት በአገሩ ቋንቋ ነው፤ «ይህ የማነው? ወዲያስ የማነው? ወሰኑ ከዋርካው ነው ወይስ ከቦዩ?» ይላሉ። ጎረቤት ይመሰክራል፥ ኮሚቴው ያጸድቃል። ከዚያም ካርታው በቀበሌው ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ወንዙን፥ ቤተ ክርስቲያኑንና መንገዱን በፎቶግራፉ ላይ ለይቶ ማሳውን በጣቱ ያመለክታል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ወደ መረጃ ቋቱ ይገባና፥ ሁሉ የሚንጠለጠልበት ዋና ቍልፍ ቍጥሩ ይሆናል። መዝገቡ ሲጻፍ በሰው ቋንቋ ተጻፈ፥ ሲጠየቅ ግን በቍጥር ቋንቋ ይጠየቃል ማለት ነው። የሒሱ ዋና ነጥብ ይህ ነው።

፭

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት የመረጃ ቋት ጥበብን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ፥ መረጃ በሠንጠረዥ መልክ የሚቀመጥበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያቀርብ፥ ጠያቂው በመሣሪያው ውስጥ የመረጃውን አቀማመጥ ለማወቅ ሊገደድ አይገባም የሚል መነሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ከዚህ ሐሳብ ተነሥተው ለጥያቄ የሚሆን አንድ ቋንቋ አወጡ፤ ይህም ኋላ በመላው ዓለም ኤስ.ኪው.ኤል. ተብሎ የታወቀው ነው። ቋንቋው ሲታሰብ ፕሮግራም ሠሪ ላልሆኑ ሰዎችም ጭምር ነበር፤ ፍጻሜው ግን የባለሙያዎች መሣሪያ መሆን ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት መምሰሉ ብቻ ለተራው ሰው ቀላል አላደረገውም።

ከዚሁ ዘመን ሁለት ሌሎች ሐሳቦች ለብቸናና ለሞጣ ይበልጥ የሚስማሙ ሆነው ይገኛሉ። አንደኛው በአይ.ቢ.ኤም. የነበረው ሞሼ ዝሎፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው፥ በምሳሌ የመጠየቅ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ጠያቂው ባዶ ሠንጠረዥ ይቀርብለታል፤ የሚያውቀውን በሚያውቀው ዐምድ ውስጥ ይጽፋል፥ የማያውቀውን ባዶ ይተዋል፤ መሣሪያው ባዶውን ሞልቶ ይመልስለታል። ሁለተኛው ኮድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአልፎ አልፎ ጠያቂዎች ያሰበው የምልልስ ሥርዓት ነው። በዚያ ሐሳብ መሣሪያው የጠያቂውን ጥያቄ ተቀብሎ ወዲያው አይመልስም፤ አስቀድሞ ጥያቄውን በራሱ ቃል አስተካክሎ «የጠየቅኸኝ ይህን ነውን?» ብሎ ያረጋግጣል።

እነዚህን ሁለቱን ከጎጃም ሽማግሌ አጠያየቅ ጋር ያነጻጸረ ሰው መመሳሰላቸው ያስደንቀዋል። ሽማግሌም ፊት የቀረበ ባለ ጕዳይ የሚያውቀውን ይናገራል፤ አባቱን ያውቅ እንደሆነ አባቱን፥ ወሰንተኛውን ያውቅ እንደሆነ ወሰንተኛውን። የቀረውን ሽማግሌው ይሞላዋል። ደግሞም አስተዋይ ሽማግሌ ነገሩን ከሰማ በኋላ «ነገርህ እንዲህ ነው አይደል?» ብሎ መልሶ ያሰማዋል እንጂ በሰማው ብቻ አይፈርድም። እንግዲህ ለባለሙያ ላልሆነ ጠያቂ የሚስማማው ገጽ በውጭ አገር ከተፈጠረው ሐሳብ ጋር የሚጣላ አይደለም፤ የሚጣላው ከተለመደው ስንፍና ጋር ነው።

፮

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ የመሬት መዝገብን መጠየቂያ በአራት ነጥብ መመዘን ይቻላል።

አንደኛው የቍልፍ ነገር ነው። ቍጥር ለማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ሁለት ማሳ አንድ ቍጥር አይኖራቸውምና። ነገር ግን የማስቀመጫ ቍልፍና የመጠየቂያ ቍልፍ አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ምንም ምክንያት የለም። ደብተሯ በእሳት የጠፋባት ሴት ቍጥሩን አታውቅም፤ የምታውቀው «ከወንዙ ማዶ፥ ከአያ እገሌ ማሳ በታች ያለው ዋልካ» መሆኑን ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ቦታ፥ ወሰንተኛና የአፈር ዓይነት የያዘ ሙሉ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ወሰንተኞችን በስም ጽፎ ነበር፤ ካርታም ካለ የማን ማሳ ከማን እንደሚዋሰን መሣሪያው ራሱ ከሥዕሉ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ በወሰንተኛ መጠየቅን የማይፈቅድ ገጽ ቀላል ሊባል አይገባውም፤ በእጁ ያለውን ዕውቀት የጣለ ነው።

ሁለተኛው የፊደል ነገር ነው። በአማርኛ ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት ይለያያሉ። ለሰው ዓይን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ሴት ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ መለያ ተሰጥቶታልና። ይህ አንድ ስም ብቻ፥ የመጀመሪያው ፊደል በ2፥ ሁለተኛው ራብዑ ጭምር ተቈጥሮ በ6 መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል 12 ዓይነት አጻጻፍ አለው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ደግሞ በመጀመሪያው ፊደል 6፥ በ«ሥ» 2፥ በ«ሴ» 2፥ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ በመጻፉ 2፥ በጠቅላላው 48 መልክ ይኖረዋል። በእርሻ መካከል ቆሞ በእርሳስ የጻፈ ወጣት የትኛውን እንደመረጠ ከዓመታት በኋላ የመጣ ጠያቂ ሊያውቅ አይችልም። መድኀኒቱ ከባድ አይደለም፤ መዝገቡ በተጻፈበት መልክ ይቈይ፥ መሣሪያው ግን በሚፈልግበት ጊዜ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች አንድ አድርጎ ይቍጠራቸው። እንዲሁም በውጭ አገር ልማድ የቤተ ሰብ ስም የሚጠይቅ ሣጥን ለአበሻ ስም አይሆንም፤ የራስ ስም፥ የአባት ስምና የአያት ስም እያለ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች የምትኖር ስለሆነም፥ በባል ስም የጠየቀ ሰው የሚስቲቱንም ድርሻ እንዲያይ ሁለቱ መያያዝ አለባቸው።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚከብደው፥ «አልተገኘም» የሚለው መልስ ነው። በመጻሕፍት ቤት «አልተገኘም» ማለት ሌላ መጽሐፍ ፈልግ ማለት ነው። በመሬት ጽሕፈት ቤት ግን ይህ ቃል ፍርድ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች ሴት «አልተገኘም፥ እመት» ሲባልላት «መሬት የለሽም» እንደተባለች ትሰማዋለች፤ ዳግመኛም ላትመለስ ትችላለች። ማሳዋም በዚያው ጊዜ በሌላው ሰው ስም እየታረሰ ልማድ ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያው «አልተገኘም» ሲል ቢያንስ ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለቱ ነው፤ ማሳው ከነጭራሹ አልተመዘገበም፤ ወይም ተመዝግቦ በሌላ ሰው ስም ነው፤ ወይም በተጠየቀበት መንገድና አጻጻፍ አልተገጣጠመም። ሦስቱ ወደ ሦስት የተለያዩ በሮች ይመራሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ቀበሌው ኮሚቴ፥ ሁለተኛው ወደ ፍርድ ቤት፥ ሦስተኛው እዚያው ወደ ሌላ ጥያቄ። እነዚህን በአንድ ቃል የሚሸፍን ገጽ የቱን ያህል ያማረ ቢሆን የሰውን መብት የሚሸፍን ገጽ ነው። ጥሩ ገጽ በየት እንደፈለገ፥ በምን ስም እንደፈለገ፥ የሚቀራረቡትስ የትኞቹ እንደሆኑ ገልጦ ይናገራል።

አራተኛው የመልሱ ቋንቋ ነው። መልሱ በሔክታር ብቻ ቢመጣ ገበሬው አይከራከረውም፤ ስላመነበት ሳይሆን ሊመዝነው ስለማይችል ነው። በጥማድም አብሮ ቢነገረው ግን ልኩ ጐድሎ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፥ ይናገራልም። ሊመረመር የሚችል መልስ መስጠት የመጠየቂያ ገጽ ግዴታ ነው። ፊደል ላልቈጠረውም ሰው ጥያቄውና መልሱ በድምፅ መነበብ አለባቸው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት በመሣሪያው ፊት የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰዎች፥ ሠራተኛው፥ ባለ ጕዳዩና አብሮት የመጣው ምስክር ናቸው። ገጹ ግን የሚዘጋጀው ለአንዱ ብቻ ነው። መስተዋቱ ወደ ባላገሩም ቢዞር፥ ካርታው ላይ ወንዙንና ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ ሠራተኛውን የሚያርመው እርሱ ይሆን ነበር።

፯

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው፥ ስምና ጎረቤት የሚያሳስቱ ናቸው፤ በአንድ ቀበሌ አንድ ስምና አንድ የአባት ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች ይኖራሉ፤ ጎረቤትም ይሞታል፥ ይለወጣል የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ይህን ችግር የሚፈታው ሰውየውን ቍጥር በመጠየቅ ሳይሆን ሁለተኛ ምልክት በመጠየቅ ነው፤ «የትኛው? የአያቱ ስም ማን ነው?» ይላል። አንድ ብርቱ ቍልፍ የሌለው ሰው ሦስት ደካማ ቍልፎችን ቢያጋጥም በሩ ይከፈትለታል። መሣሪያም ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ጎረቤት በመለወጡ የሚመጣው ስሕተት ደግሞ የመዝገቡን አለመታደስ የሚያጋልጥ ነው፤ ውርስና ስጦታ ሳይመዘገቡ ሲቀሩ መዝገቡ የሙታን ስም ዝርዝር ይሆናል። በጎረቤት መጠየቅ ይህን በሽታ አያመጣም፥ ያሳያል እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ማንም በስም እየጠየቀ የሌላውን ይዞታ የሚያይ ከሆነ፥ መዝገቡ የምቀኛና የባለ ሥልጣን መሣሪያ ሊሆን አይችልምን? የ1989ኙ ዝርዝር ያስከተለውን ቅሬታ ያስታወሰ ሰው ይህን ፍርሃት አይንቀውም። ስለዚህ ቀላልነት ማለት ያለ ልክ መክፈት ማለት አይደለም። ባለይዞታ ስለ ራሱ ማሳና ስለ ወሰኑ ሁሉንም ይጠይቅ፤ ስለ ሌላው ግን ለጕዳዩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይወቅ። ከዚህም በላይ፥ መዝገቡን የጠየቀ ሁሉ፥ ሹምም ቢሆን፥ መጠየቁ ይመዝገብ፤ ባለይዞታውም «ስለ ማሳዬ ማን ጠየቀ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኑረው። በ1960 ዓ.ም. ለሞጣና ለብቸና ባላገር የጐደለው ይህ አንድ ጥያቄ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በብዙ ስፍራ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችን ሥራ አውኳል። ይህ ሁኔታ ነገሩን ይበልጥ ያጸናዋል። ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ፥ ሰው ከቀየው ሲሰደድ፥ ደብተር ሲጠፋ፥ ሰው ይዞት የሚሄደው የአባቱን ስም፥ የጎረቤቱን ስምና የወንዙን ስም ነው። መዝገቡ በእነዚህ የማይከፈት ከሆነ፥ የሚመለሰው ሰው ከመዝገቡ ጋር የሚገናኝበት ድልድይ የለም።

፰

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ለመሣሪያ ሠሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በእነማይና በሁለት እጅ እነሴ ገበሬዎች ስለ ማሳ ሲጠያየቁ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት፥ የአፈሩን፥ የወሰኑን፥ የልኩንና የዝምድናውን ስሞች፥ ጥያቄ የሚጀምሩበትንና የሚያርሙበትን ሥርዓት በየቦታው ሰብስቦ የሚያጠናቅቅ ተማሪ፥ ከአንድ ሺህ የፕሮግራም መስመር የሚበልጥ መሠረት ያስቀምጣል። ይህ የሥነ ሰብ ሥራ ነው፤ ሽማግሎቹ በሕይወት ሳሉ ካልተሠራም ኋላ የሚሠራ አይደለም።

የመረጃ ቋት ሠሪዎች ስለ ተራው ሰው ሲያስቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት «ከባዱን ነገር እንሸፍንለት» ነው። የጎጃም ታሪክ የሚያስተምረው ከዚህ የተለየ ነው። ከባዱን ነገር ባላገሩ ሲሸከመው ኖሯል፤ የሰባት ትውልድ ቈጠራ ከሠንጠረዥ ሁሉ የሚከብድ ነውና። የሚያስፈልገው ሸክሙን በሚያውቀው ትከሻ እንዲሸከመው መፍቀድ ነው። በባላገሩ ቃል የሚጠየቅ፥ ባላገሩ ሊመረምረው በሚችል ቃል የሚመልስ፥ «አልተገኘም» ሲልም ምክንያቱን የማይደብቅ መዝገብ፥ የመንግሥት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአገር መዝገብ ይሆናል።